አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ

አሥራ አራት። ሌሊቱን ሥራ ላይ አድሮ ማለዳ ገብቷል፤ መጋረጃውን ዘግቷል፤ ሻይና ዳቦውን ቀማምሷል፤ ለእንቅልፍ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ የቀረው እንቅልፉ ብቻ ነው። ከላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤቱ ምንጣፏን በማሽን ትጠርጋለች፣ ማሽኑ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይሄዳል፣ የቀትር ፀሐይ በመጋረጃው ዳር ሾልካ አልጋው ላይ ወጥታለች፣ እሱ ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያው ላይ አሥራ አራት ሰው ይደረድራል። አንደኛውን ከበሩ በላይ ያቆመዋል፣ ሁለተኛውን ከአምፖሉ አጠገብ። ፊት ሊሰጣቸው ይሞክራል፤ አልሆን ይለዋል። ሰው የገደላቸውን ሰዎች ፊት አልረሳም ቢል ያምርበታል፤ ያልገደላቸውንስ ከየት ያመጣል? የገደሉት እንኳ ይሄኔ ለጥ ብለው ተኝተዋል። እሱ ባልገደላቸው አሥራ አራት ሰዎች እንቅልፍ አጥቶ፣ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ስለነሱ ሊጠየቅ፣ እዚህ ይገላበጣል።

ነገሩን ትናንት የነገረችው ጠበቃዋ ናት። ቢሮዋ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ነው፤ ደረጃውን ሲወጣ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከእግሩ ሥር ይንቀጠቀጣል። አስተርጓሚው የአገሩ ሰው ነው፣ ጠና ያለ፣ ክፉ ነገር ሊናገር ሲል መነጽሩን የሚያወልቅ። ገና ሲገባ አውልቆታል። «ፋይልህ ውስጥ ከሰፈርህ ሽማግሌዎች የተላከ ደብዳቤ ገብቷል» አለው፣ እሱም ሞኙ ደስ አለው፤ አልረሱኝም ብሎ። ከዚያ ተነበበ። ይህ ልጃችን በጦርነቱ ጊዜ አሥራ አራት ጠላት የጣለ፣ ከፊቱ የቆመ ሁሉ ያልተመለሰ፣ አገር የሚያውቀው ጀግና ስለሆነ የተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ ሚስቱንና ልጁን እንዲያመጣለት በትሕትና እንለምናለን። አሥራ ሰባት ፊርማ። ክብ ማኅተም። ከፊርማዎቹ ሁሉ አናት ላይ የአባቱ፣ እንደ ሁልጊዜው መስመር ጥሶ የወጣ። ከሁሉም በታች ደግሞ የአውራ ጣት አሻራና ሁለት መስመር፦ የአንድ ልጄን ገዳይ ተከታትሎ፣ ይዞ፣ ገድሎ እንባዬን ያበሰልኝ እሱ ነው። ጠበቃዋ እርሳሷን «ይዞ» የሚለው ቃል ሥር አሳረፈች። «ይዞ ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው ተማርኮ ነበር?» ጠየቀች። አስተርጓሚው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ እኔ እንዳለ ነው የተረጎምኩት። እዚህ አገር ይሄ ምስጋና አይደለም» አለው።

አይደለም። ይሄ ቢጸና፣ ምርኮኛ ገዳይ ተብሎ የሚስቱና የልጁ ማመልከቻ ይዘጋል፣ የራሱም የጥገኝነት ወረቀት እንደ አዲስ ይከፈታል። ጠበቃዋ በጣቷ ቆጥራ አስረዳችው፤ ነገ ጠዋት የስደተኞች ጉዳይ መርማሪው ፊት ከመቅረቡ በፊት ከአባቱና ከዚያች እናት የመጀመሪያውን ቃላቸውን የሚያነሣ ሌላ ቃል፣ የተጻፈና የተፈረመበት፣ በስልክ ፎቶ ቢመጣም ይበቃል። አባቱ ምናልባት። እናትየዋ ግን! ልጁ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሲሰናበት በእናቷ ሆድ ውስጥ ነበረች፤ በስልኩ መስታወት ውስጥ የሚኖር አባት እንዳላት ነው የምታውቀው፣ ባለፈው ጊዜ «አባዬ፣ እግር አለህ?» ብላ ጠይቃው ካሜራውን ወደ እግሩ አዙሮ አሳያት፣ እሷም ተደነቀች። እግር ያለው አባት ለዚህች ልጅ ለማምጣት አንዲት አሮጊት እናት ልቧ ውስጥ ያስቀመጠችውን ነገር መንጠቅ አለበት። ጉዳዩ ይኸው ነው።

ከጠበቃዋ ቢሮ እንደወጣ እዚያው መንገድ ላይ ቆሞ እህቱ ጋ ደወለ። ደብዳቤውን ያሰባሰበችው እሷ ናት፣ ቤት ለቤት ዞራ። «ምን ሆናችሁ ነው?» አላት። «ወንድምዓለም፣ አኮራንህ እንጂ መች አዋረድንህ? አሥራ አራት ያልነው እንኳ አሳንሰን ነው፤ አባባ ሃያ ይባል ብሎ ነበር፣ ፈረንጅ አያምንም ብዬ እኔ ነኝ የቀነስኩት» አለችው፣ ጭራሽ ምስጋና ትጠብቅ ነበር። እሱ መሳቅም ማልቀስም አማረው። አንድም ሰው አልገደልኩም፣ ለነገ ይሰረዝ ብሎ ሲለምናት አላፊ አግዳሚው ዞር ዞር እያለ ያየዋል። ሃያ!

አሥራ አራቱ ደግሞ እንዴት እንደተወለዱ እሱ ያውቃል፤ አዋላጃቸው ራሱ ነው። ከጦርነቱ የተመለሰ ቀን ግቢው በሰው ጢም ብሏል፣ አጎቱ ከመሃል ብድግ ብሎ «እስቲ ንገረን የኔ አንበሳ፣ ስንት ጣልክ?» ይለዋል። እሱ ደግሞ ደክሞታል፣ ጫማው እግሩን ልጦታል፣ «አልቆጠርኩም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ምንም ያልሆነ ነገር ምን ብሎ ይቆጠራል? ከዚያ አጎቱ እጁን አጨብጭቦ «ስሙልኝ! አልቆጠርኩም አለ!» ብሎ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አባቱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ። ያኔ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ። አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ እነሱ ቆጠሩለት። በመጀመሪያው ዓመት አምስት ነበሩ፣ በሁለተኛው ዘጠኝ፣ ልጅ እንኳ እንዲህ ቶሎ አያድግም። ደስ አላለኝም ቢል ውሸቱን ነው። ደስ ብሎታል። ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሲናገር ሰው አፉን ይዘጋል፣ ሚስቱን እንኳ ያገኘው በነዚያው ሟቾች ሽምግልና ነው፤ አማቱ «ለአሥራ አራት ሰው ያልተመለሰ ልጄን ይጠብቃታል» ብለው ነው እሺ ያሉት። ለሚስቱ በተጋቡ በወሩ እውነቱን ነገራት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆርጣ «ለአባቴ እንዳትነግረው» አለች፣ እጁን ወስዳም ጉንጯ ላይ አደረገችው። እስከ ትናንት ድረስ ከአንድ ሟች ሌላ ምስጢሩን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

የሚያውቀው ሟች ሳቂታው ነው። ጓደኛው፣ በአንድ የምሽግ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አብሮት የኖረ፣ በረሃብም በፍርሃትም የሚስቅ። ማታ ማታ ጠመንጃቸውን እየወለወሉ «ዛሬስ ስንት ወፍ ፈጀህ?» ይለዋል፣ በሹክሹክታ። «አንተስ?» «እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው፤ የት እንደሄደ ጥይቱን ጠይቀው።» አዎ፣ ሳቂታው ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ብዙዎቹ እንደዚያ ነበሩ፣ ይሄን ማንም አይናገረውም እንጂ። ተኩስ ሲጀመር ከጎንህ ያለውን አፈሙዝ እየው፤ ግማሹ ደመናውን ነው የሚወጋው። ቀኑን ሙሉ ሰማዩን ስንገድል ዋልን፣ ማታ ግን በየጉድጓዱ የሚፎከረው ፉከራ የምድርን ሕዝብ ይጨርሳል። የእውነት የሚገድሉት ጥቂት ናቸው፣ እነሱም አይፎክሩም። አንዱን ያውቀዋል፤ ጸጥተኛው ይሉት ነበር። በቅርብ፣ ዓይን ለዓይን፣ አንዱን ገደለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲያገኝ «ዕድሜው ስንት ይመስልሃል?» እያለ ይጠይቃል። የማንን ዕድሜ እንደሚጠይቅ ሁሉም ያውቃል። አንዱ ሠላሳ ይለዋል፣ ሌላው ሊያጽናናው ሽማግሌ ነው ይለዋል፣ እሱ ግን ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳል። ቀኝ እጁን ለምግብ አላቀርብም ብሎ በግራው ይበላ ነበር። ይሄ ሰው መንደሩ ሲገባ ስንት ጣልክ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ብሎ ይሆን?

እሱ ግን፣ እሱ ከጨፋኞቹም አይደለም፣ ከገዳዮቹም አይደለም። በዚህ ይኮራል። አሁንም፣ እዚህ በጠበበች አልጋው ላይ፣ ያን ሲያስብ ደረቱ ይሞላል። በማሠልጠኛው በዒላማ የሚስተካከለው አልነበረም። ሰው የሚመስል ካርቶን ያቆማሉ፣ ትከሻና ራስ ያለው፣ ሲመታ የሚወድቅ፣ ገመድ ሲሳብ የሚነሣ፤ ጠዋትና ማታ፣ ሳያስቡት፣ እጅ ከልብ ቀድሞ እንዲለምድ። መቶ አለቃው ሰዎች ሰብስቦ «ይሄ ዓይን አይደለም፣ መርፌ ነው» ይል ነበር። ከዚያ የመጀመሪያው ቀን መጣ። ካርቶን ያልሆነ ሰው ተነሥቶ ሮጠ፣ ፀጉሩ አቧራ ለብሷል፣ ሲሮጥ ሱሪው ወርዶበት በአንድ እጁ ይይዘዋል። ጣቱ የለመደውን አደረገ። እጁ ግን፣ ማንም ሳያዝዘው፣ አፈሙዙን አንድ ስንዝር ከፍ አደረገው። ጥይቱ ከራሱ በላይ አለፈ፣ ሰውየው ተኛ። ሳትኩ ብሎ አፈረ። በሁለተኛው ግን አወቀ፤ መሳት አይደለም። ዕውርም ይስታል። የሚሮጥ ሰው አናት ላይ አንድ ስንዝር አስልቶ ማሳለፍ፣ ነፋሱ ጆሮው ላይ እንዲያፏጭ፣ ደንግጦ እንዲተኛ፣ ከኋላ የቆመው አለቃ ደግሞ ምንም እንዳይጠረጥር፣ ይሄ ሌላ ሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልሳተም፤ ስንዝር ካለ ስንዝር ነው። በዚያ ሁሉ ሠራዊት ውስጥ እንደሱ ያለ ተኳሽ አልነበረም፤ ከሳቂታው በቀር አንድም ሰው አያውቅም እንጂ።

ዓይኑ ዛሬም አልደከመም። እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ጠርሙሶች በሰልፍ በነጭ መብራት ፊት ያልፋሉ፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሰነጠቀውን ይለቅማል። ማሽኑ ያሳለፈውን እሱ ይይዛል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፣ ከአንገቱ ሥር የተደበቀች፣ አታመልጠውም። ካቦው አንድ ቀን አዲስ የተቀጠሩትን አምጥቶ ከጀርባው አቁሞ «እዩት» ብሏቸዋል፣ ያን ያህል ቋንቋ ይገባዋል። ኮራ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ጠርሙስ ሲያልፍ ሲያይ አንዳንዴ ሰዎቹ ይመጡበታል፤ ያሳለፋቸው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው የሚሮጡ፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ሁሉም ደኅና፣ ሁሉም ያልተሰነጠቁ። ከዚያ ሳቂታው ይመጣል።

ሳቂታው በጠራራ ፀሐይ፣ የውሃ ጀሪካን ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ሲያቀብል ነው የተመታው፣ ጉሮሮውን። ሳቁ አፉ ላይ እንዳለ። ያን ዕለት ጠዋት እሱ ሦስት ሰው አስተኝቷል፣ ከፊት ለፊት ካለው ጥሻ፣ ስንዝር ስንዝር ከፍ እያደረገ፤ የተኛ ሰው ይነሣል፣ የተነሣ ሰው ይተኩሳል። ከሦስቱ አንዱ ይሆን? ዝቅ አድርጎ ቢሆን ኖሮ ሳቂታው ዛሬ ልጆቹን እያሳቀ ይሆን? ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ ገልብጦ አይቶታል። አንዳንድ ቀን አይ፣ ጥይቱ ከሌላ ወገን ነው የመጣው ይላል፣ አቅጣጫውን በእጁ ይለካል፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ቢያየው አበደ ይለዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያምናል። አምኖም ግን፣ ይሄ ነው የሚገርመው፣ እጁን አይረግመውም። ያዝናል፣ ይቃጠላል፣ እጁን ግን አይረግመውም።

ጦርነቱ ሲያልቅ የሳቂታውን ቦርሳ ይዞ እናቱ ጋ ሄደ። አንድ ልጇ ነው። ቦርሳውን ተቀብላ እቅፏ ውስጥ አስገባችው፣ ከዚያ ቀና ብላ «የገደለውስ?» አለችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ። ምን ይበል? እሷ ዝምታውን በራሷ ፈታችው፤ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመችው፣ «እጅህ ይባረክ» አለችው። ያቺን ሴት ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ አይደለም ማለት ነበረበት። አነሣት፣ አይደለም ግን አላለም። በየቀኑ ሲያልፍ ከደጇ ተነሥታ ትከሻውን ትስመዋለች፣ እሱም ጎንበስ ይልላታል፣ ስድስት ዓመት ሙሉ። ከአሥራ አራቱ ሁሉ የከበደው ይሄ አንዱ ነበር።

ከአገር ያስወጡትም እነዚያው አሥራ አራት ናቸው። ሁለት ወገን ተጣላ፣ እንደገና ወጣቱ ጠመንጃ ያዘ፣ አንድ ቀን ሰዎች መጥተው «አንተ የለመድክ ነህ፣ ልጆቻችንን አስለምድልን» አሉት። ሌሎቹ ደግሞ ያ ሰው ከነሱ ጋር ከሆነ አስቀድሞ መወገድ አለበት ብለው መከሩ። አይ፣ እኔ ገድዬ አላውቅም ቢላቸው ማን ያምነዋል? ትሑት ነው ይሉታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስቱ ነፍሰ ጡር እያለች ሻንጣውን ያዘ። አሁን ደግሞ እነዚያው ሙታን ባሕር ተሻግረው፣ ማኅተም ተደርጎባቸው፣ እዚህ ፋይሉ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል።

የጎረቤቱ ማሽን ዝም አለ። ተነሣ። መጋረጃውን ገለጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ የታጠፈ ሸሚዙን ለበሰ፣ ተኝቶ የሚነገር ነገር አይደለም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ደወለ። እህቱ ወዲያው አነሣች፤ ከትናንት ጀምራ እንዳልተኛች ድምፅዋ ይናገራል። አባቱ አጠገቧ ነው፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

«አባባ፣ እንደምን ዋልክ?»

«ዋልኩ። ይህቺ ልጅ የምትቀባጥረው እውነት ነው? ማኅተም ያረፈበትን ሰርዙ ትላለህ?»

«አዎ አባባ። አንድም ሰው አልገደልኩም።»

«ፈርተህ ነው። ወረቀት እንዳይከለክሉህ ፈርተህ ነው እንዲህ የምትለው።»

«በፊት ነው የፈራሁት። ያኔ ግቢው ውስጥ ሁሉም እልል ሲል።» እና ነገረው። ስንዝሩን፣ እጁን፣ ሦስቱን ዓመት። በሕይወቱ ለአባቱ ይህን ያህል ቃል በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ አያውቅም። ሲናገር ደግሞ የሚገርም ነገር ሆነ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፣ ጭራሽ ከፍ ከፍ አለ፣ እንደሚፎክር ሰው። «ማንም ሳያየኝ ነው ያደረግኩት አባባ። አንተ ሰው ሲያየኝ እንድኮራ ነው ያስተማርከኝ፣ እኔ ሰው ሳያየኝ ኮራሁ።»

አባቱ ሳለ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ዒላማ ጠፍቶህ ነው ወይስ ብትፈልግ ትመታው ነበር?»

«ብፈልግ የሸሚዙን ቁልፍ እመታ ነበር።»

«እንግዲያው ይጻፍ» አለ አባቱ። «መምታት ይችል ነበር ተብሎ ይጻፍ። መምታት አይችልም ነበር ብለው እንዲስቁብኝ አልፈርምም። መጀመሪያ መስመር ላይ ይግባ፣ መምታት ይችል ነበር።» እህቱ መሳቋን በእጇ ስታፍን በስልኩ ውስጥ ተሰማው። ፊርማው በፎቶ መጣ። እንደ ሁልጊዜው መስመር ጥሶ የወጣ።

«አሁን ወደሷ ውሰጂኝ» አላት እህቱን። «እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት፣ አንቺ ቀድመሽ አንድ ቃል እንዳትናገሪ።» እህቱ ስልኩን እንደያዘች መንገዱን ስታቋርጥ ትንፋሿን ይሰማል፣ የጫማዋን ኮቴ፣ የሚጮህ ውሻ፣ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ።

«እማማ፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ የኔ ጌታ። ምነው ድምፅህ? ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። እማማ፣ ያን ቀን የገደለውስ ብለው ጠየቁኝ። የገደለውን አልገደልኩትም።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ተንቋቋ፣ ተቀመጠች መሰለው። «ምን አልከኝ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ልንገርዎ ይስሙኝ። ልጅዎ በሞተ በማግስቱ ሳላስፈቅድ ወጣሁ። የዚያን ቀን ብቻ እገድላለሁ ብዬ ምያለሁ፣ ማንንም ላግኝ፣ እገድላለሁ። ምንጭ ዳር አንድ ሰው አገኘሁ፣ ከነሱ ወገን፣ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሸሚዙን ያጥባል። መቶ እርምጃ አይሞላም። አነጣጠርኩ። ሸሚዙን ጨመቀው፣ አራገፈው፣ ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። አልጠራም መሰለኝ፣ እንደገና ሳሙና ይቀባው ጀመር። ያን ጊዜ...»

«ያን ጊዜስ?»

«ተኮስኩ። ከራሱ በላይ። አንድ ስንዝር። ሸሚዙን ለቆት እርቃኑን ሮጠ፣ ሸሚዙን ውሃው ወሰደው።»

«እሱ ነው ልጄን የገደለው?»

«አላውቅም እማማ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

«አሥራ ሁለት ዓመት!» አለች፣ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ጉልበትህን ስሜ!»

«ስመውኛል።»

«ዝም አልከኝ!»

«ዝም አልኩዎ። ጥፋተኛ ነኝ።» አለቀሰ፤ እንባው ሸሚዙ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። እንድትረግመው ጠበቀ። እህቱ ከዳር ሆና አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማል።

«በዚህ ነገር ሌላ ቀን እንጣላለን፣ በሰፊው ነው የምንጣላው» አለች እናትየዋ። «አሁን ግን እኔም ልንገርህ። ገድሎልኛል ብዬ ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እህል ቀመስኩ፣ ተኛሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ያቺ ሴት ደጄ ላይ ቁጭ ብላለች።»

«የትኛዋ ሴት?»

«እናቱ ናታ! የሱ፣ የገዳዩ እናት! እንደኔው ጥቁር ለብሳ። ሕልም ነው በለው፣ የቁም ቅዠት ነው በለው። አንድ ቃል አትናገረኝም፣ ስጠርግ ታየኛለች፣ ስበላ ታየኛለች፣ ልተኛ ጋደም ስል እግሬ ሥር ትቀመጣለች። ለማን እነግራለሁ? ደሜ ተመለሰ ብዬ አገሩን በእልልታ ያናወጥኩ ሴትዮ! አንተን ስስምህ እንኳ ከኋላህ ቆማ ታየኝ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «ታዲያ ልጇ ገብቶላታል በለኛ!»

«ሳይገባ አይቀርም እማማ። ሩጫው የሚያዝ አልነበረም።»

«ያለ ሸሚዝ።»

«ያለ ሸሚዝ።»

ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ፣ መጀመሪያ ልቅሶ መሰለው፣ ሳቅ ነው። የልጇ ሳቅ ከየት እንደመጣ ዛሬ ገና ገባው። «እናቱ ልክ ታስገባዋለች!» አለች እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ሳሙናዬን ይዘህ ወጥተህ፣ ሸሚዝህን ለወንዝ ሰጥተህ፣ እርቃንህን ትገባለህ? ብላ ልክ ታስገባዋለች! እሰይ! ታስገባው!» ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ ረጅም ነበር፤ ሲያልቅ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰለ፣ የቀለለው።

«ነይ አንቺ ልጅ፣ ወረቀቱን ያዢ» አለች እህቱን። «ጻፊ። የልጄን ገዳይ ይዞ ገደለልኝ ያልኩት ስህተት ነው። የገደለው ሰው የለም።»

«ጽፌያለሁ እማማ፣ ይበቃል፤ ጣትዎን እዚህ...»

«ቆይ፣ አላበቃሁም። ጓደኛው በሞተ በማግስቱ፣ ልቡ እየነደደ፣ መሣሪያው በእጁ፣ ሰውየው በፊቱ ሆኖ ያልገደለ ወንድ ነው በይ። እኔ እናቲቱ በዚህ ኮርቻለሁ በይ። ወንድ የሚለውን እንዳትዘይው።»

«እንዲህ ይጻፋል እንዴ እማማ? የመንግሥት ወረቀት እኮ ነው።»

«ይጻፋል። እኔ ነኝ እናቱ።»

እህቱ ጻፈች። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ፣ ቃል በቃል ጮክ ብላ ስታነብላት ሰማ።